ከቆሎው አንዲት ፍሬ

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ተከናንቦ ነው የዋለው፤ ይህን የምጽፍልህ ጋቢዬን ደርቤ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ልዋሽህ አስቤ ነበር፤ እውነቱ ግን ቅናት ነው። አብረን ተምረን፣ አብረን አመልክተን፣ አንተ ሄድክ፤ እኔ ጠመኔዬን ይዤ ቀረሁ። የላክልኝን የቤተ ሙከራ ፎቶ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ይቅር በለኝ።

ከዚህ ያወጡኝ እናታችን ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ብደርስ ቡና አቅርበው ጠበቁኝ። ገና አቦሉን ሳልጨርስ «ልጄ አንድ አንድ የብርሃን ፍሬ የምትሰጥ ነጥብ እሠራለሁ ይለኛል። አንተ አስተማሪ አይደለህ? እስቲ ንገረኝ» አሉኝ።

ፊቴ ቆሎ ነበር። ሌዘርን አደብዝዞ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ፍሬ፣ ለማግኘት መሞከር ዓይንን ጨፍኖ ከቆሎው እንደ መቆንጠር ነው አልኳቸው። በአማካይ አንድ ፍሬ ቢሆንም፣ አንዳንዴ ሁለት ይወጣል፣ አንዳንዴ ባዶ እጅ። ምስጢር በብርሃን ለሚላላክ ሰው ሁለት መሆኗ አደጋ ነው፤ ሰላይ አንዷን ለራሱ አስቀርቶ ሌላዋን ያሳልፋል። ልጅዎ የሚሠራው ነጥብ፣ ኳንተም ዶት የሚባለው፣ ግን እንደ መስበሃዎ ነው አልኩ፤ ፍሬዎቹ በየተራ ነው የሚያልፉት። ኤሌክትሮኑ ከጉድለቱ (ኤሌክትሮን ከጎደለበት ባዶ ቦታ) ጋር ተገናኝቶ ፎቶኑን ከለቀቀ በኋላ፣ ዶቱ እንደገና እስኪሞላ የሚሰጠው የለውም። (ሁለት የኤሌክትሮንና የጉድለት ጥንድ ከገባበትስ እንዳትለኝ፤ የዚያኛው ቀለም ስለሚለይ በማጣሪያ እንደምታስቀሩት አውቃለሁ።)

«አንድ መሆኗን በምን ታውቃላችሁ?» አሉ። ሃንበሪ ብራውንና ትዊስ የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1956 እ.ኤ.አ. የሠሩትን ዘዴ ነገርኳቸው፤ ግማሹን አሳልፎ ግማሹን የሚመልስ መስታወት፣ ከኋላው ሁለት ቆጣሪ። ፎቶኗ አንድ ከሆነች ሁለቱ ቆጣሪዎች ባንድ ጊዜ አይጮኹም። «እህ፣ አንድ እንግዳ በሁለት በር አይገባማ» ብለው አሳጠሩልኝ።

አሠራሩ ላይ ስንደርስ ግን ጭራሽ አስተማሪው እሳቸው ሆኑ። በጋሊየም አርሰናይድ ላይ ኢንዲየም አርሰናይድ (ሁለቱም ሴሚኮንዳክተር ናቸው) እንደሚነጠፍ፣ የላይኛው የአቶሞች አደራደር ከታችኛው 7 በመቶ ያህል እንደሚሰፋ ነግሬያቸው ትንፋሽ ስወስድ፣ «ሰፊውን ጨርቅ ጠባብ ገበር ላይ ስትሰፋው መሰብሰቡ አይቀርም፤ ይጎብጣል» አሉ። ያው ነው! ሁለት ንብርብር እንኳ ሳይሞላ ዝርግነቱ ይቀርና ወደ 20 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ጉብታዎች ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጉብታ አንድ ዶት። እኔ ይህን ለመረዳት ስንት ሌሊት እንዳነበብኩ አልነገርኳቸውም።

ዶቱ የሚሠራው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ «እንዴ፣ ደሴ ብርድ ነው ብሎ ሲያማርር የኖረ ልጅ!» ብለው ሳቁ።

ያላማራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ ብርሃንን አጥብቆ ይይዛል፤ ዶቱን እንዲሁ ከተዉት ከላይ የሚወጣው ከመቶ ሁለት ያህሉ ነው፣ ሌላው እዚያው ውስጥ ይቀራል። ይህን ስነግራቸው ስኒውን አስቀመጡት። «ታዲያ ልጄ የቀረውን ሊያወጣ ነው የቀረብኝ?»

ምን ልበል? ዶቱን ከላይና ከታች መስታወት ባለው ቀጭን ምሰሶ ውስጥ ሲያኖሩት አብዛኛው ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚወጣ አስረዳሁ። ዝም ብለው ሰሙኝና በረካውን ቀዱልኝ።

«እንግዲያስ ምሰሶውን ቶሎ ይትከልና ይምጣ በልልኝ።»

ብያለሁ። በርበሬውን ወደዚያ የሚመጣ ሰው እንዳገኘሁ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ፣ ከደሴ