ተማሪ ሲመዘገብ ስለ ቋንቋው ምን ይጠየቅ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባው አስኮና በአጎራባቹ የኦሮሚያ ቡራዩ አካባቢ ተማሪ ሲመዘገብ ስለ ቋንቋው የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ» ተብሎ በአንድ መስመር ነው። ወላጁ የብሔር ጥያቄ ይመስለውና የአያቶቹን ቋንቋ ይናገራል። ልጁ ግን ለእናቱ በአፋን ኦሮሞ ወይም በጉራጊኛ፣ ለግቢው ልጆች በአማርኛ የሚመልስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ወላጁ ፊት ለፊት እያለ በሦስት ይከፈል። ወላጆች ልጁን በምን ቋንቋ ያናግሩታል? ልጁስ በምን ይመልሳል? ማንበብ የጀመረው በፊደል (አማርኛ በሚጻፍበት) ነው ወይስ በቁቤ (አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል)? ሁለት ቋንቋ የጠራ ሁለቱም ይጻፍለት። መልሱ የልጁን ምድብ እንደማይወስንም አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ ለልጄ ይበጃል ያለውን ነው የሚመልሰው።

እኛ የእንግሊዝኛ መምህራን ከሁሉም አብልጠን የምንፈልገው የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ነው። በቁቤ የጀመረ ልጅ የላቲን ፊደላትን ከ1ኛ ክፍል ያውቃቸዋል፤ የሚያውቃቸው ግን በአፋን ኦሮሞ ድምፃቸው ነው። ሲ ለእሱ «ጭ» ነው፣ ኤክስ «ጥ»፣ ኪው «ቅ»። ሁለት ኦ ሲያይ «ኦ»ን አስረዝሞ ያነባል። በፊደል የጀመረው ደግሞ ተከታትለው የመጡ ተነባቢዎችን ይለያያል፤ «ስኩል»ን «እስኩል» ይላል። ሁለቱን በአንድ ልምምድ ማረም ጊዜ ማባከን ነው።

የሚብሰው 7ኛ ክፍል ላይ ነው። በአዲስ አበባ ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ፤ በኦሮሚያ ግን እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ቆይተው በ9ኛ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩት። ከቡራዩ ወደ አስኮ ቤት የቀየረ ቤተሰብ ልጅ እንግሊዝኛው ሁለት ዓመት ይቀድምበታል። ሳይንሱን ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን በሌላ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

የልጁን እንግሊዝኛ ደግሞ ከወላጅ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። አሜሪካ ከ1980 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ሰው እንግሊዝኛውን በአራት ደረጃ እንዲመዝን ትጠይቃለች። እዚያ እንግሊዝኛ የመንገድና የገበያ ቋንቋ ነውና ሰው ችሎታውን ያውቃል። እዚህ ከክፍል ውጭ እምብዛም ስለማይሰማ ወላጅ የሚነግረን የካርዱን ውጤት ነው።

ስለዚህ ልጁ ራሱ ይፈተን። 60 ያህል ቃል ያለው፣ በ6ኛ ክፍል ደረጃ የተጻፈ፣ አይቶት የማያውቀው ምንባብ ይሰጠው። ከመማሪያ መጽሐፉ ከተወሰደ በቃሉ የያዘ ልጅ ሳይገባው ያንበለብለዋል። አንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠሩ። ቀጥሎ አምስት ጥያቄ ይጠየቅ። በቤቱ ቋንቋ በትክክል የመለሰውን «አልገባውም» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው፤ ገብቶታል፣ የጎደለው መናገሩ ነው። ለአንድ ልጅ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።

ውጤቱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራንም ይድረስ። የትኞቹን ቃላት በሁለት ቋንቋ ሰሌዳ ላይ መጻፍ እንዳለባቸው የሚያውቁት ከዚያ ነው።

በአስኮ አካባቢ የምናስተምር የእንግሊዝኛ መምህራን