የግራ እጅዎ ምልክት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት?

ትናንት ወደ ሙዚየሙ ሄጄ በባንዱ ውስጥ ይመቱት የነበረውን ትልቁን ከበሮዎን አየሁት። ከመስኮት ርቆ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እውነቱን ልንገርዎትና መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ገመዶቹ በሙሉ ረግበዋል። ከሰልፍ በፊት የማጥበቂያ ቆዳዎቹን አንድ በአንድ እየገፉ ገመዱን ሲወጥሩ፣ ፊቱን በጣትዎ እየነኩ ሲያዳምጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። «ማን አላላው?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ኃላፊዋ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የጥጃ ቆዳ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ይላላል። እንደተወጠረ ቢቀመጥ በደረቅ ወራት ይቀደዳል፤ ቆዳው ቢችለው እንኳ የእንጨቱን ክፈፍ ያጣምመዋል። የክፍሉንም እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ይጠብቁለታል። በዝናብ ቀን ድምፁ ሲታፈን እሳት ዳር እያዟዟሩ ሲያሞቁት ትዝ አሉኝ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት።

ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ትልቁ ከበሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጃኒሳሪዎች፣ ማለትም ከኦቶማን ቱርክ ሱልጣን ወታደሮች፣ ሙዚቃ ወደ አውሮፓ የጦር ባንዶች እንደገባ ይናገራል። ስለ እርስዎ ግን አንድ ቃል የለበትም።

አባባ፣ ቆዳው ግን ይዞዎታል። በቀኙ ፊት፣ ከመሃሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች፣ መምቻው ያረፈበት ቦታ ጠቁሯል። በግራው ፊት ደግሞ ድምፁን ለመቁረጥ መዳፍዎን የሚያሳርፉበት ቦታ ወዝዎን ጠጥቶ ወይቧል፤ አራቱ ጣቶች ለየብቻ ይታያሉ። ኃላፊዋ ውኃ ያበላሸው መስሏት ልታስጸዳው አስባ ነበር! እባክሽ እንዳትነኪው አልኳት።

የባንዱ ሰዎች ሁሉ ፕላስቲክ ሲያስገቡ እርስዎ ብቻ በቆዳው ሲጸኑ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ያ መዳፍ ዛሬ አይገኝም ነበር።

መቼ በሙሉ ኃይል እንደሚመቱ፣ መቼ በግራ እጅዎ እንደሚያፍኑት ከእርስዎ በቀር ለኃላፊዋ የሚነግራት የለም። ቃልዎን ቀድታ ከከበሮው አጠገብ ልታስቀምጠው ትፈልጋለች። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ። መምቻውን ከራስጌዎ አውርደው ይጠብቁኝ። ከበሮውን መምታት አይፈቀድም፤ እጅዎ የት ያርፍ እንደነበር ግን ያሳዩናል።

ልጅዎ