ሞዴሉ ያላየው ብሎኬት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ እየተሰማ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው ከእንቅልፉ ከቀሰቀሰው ወዲህ፣ አፓርታማ ሊገዛ የሚያማክረኝ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ጥያቄው «ይህ ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥ ይችላል?» የሚል ሆኗል። ሻጩ ምን እንዳላቸው መልሼ ስጠይቃቸው ደግሞ በተደጋጋሚ የምሰማው «በኢታብስ ተሠርቷል» የሚለውን ነው፤ ኢታብስ የሕንፃ ስትራክቸር የሚሰላበት ሶፍትዌር ነው። በስትራክቸር ዲዛይን ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ይህ መልስ የሚሸፍነውን ነገር ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ይገባኛል።

ሶፍትዌሩ የሚያሰላው እኛ የሳልንለትን ሕንፃ ነው፤ ይህን ሥዕል ሞዴል እንለዋለን። ግንበኛው የሚያቆመው ሕንፃ ከተሳለው ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ባለሀብት የሚያሠሩትን ጂ+5 ሕንፃ ዲዛይን እንድመለከትላቸው ጠይቀውኝ፣ የታተመውን የስሌት ጥራዝ ወደ ጎን ትቼ የሞዴሉን ፋይል አስመጣሁ። ምድር ቤቱ ለሱቅ የታሰበ በመሆኑ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ፊቱም በሙሉ መስታወት ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወለሎች ግን በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ተከፋፍለዋል። በሞዴሉ ውስጥ ያ ሁሉ ብሎኬት በቢም ላይ የተጫነ ክብደት ሆኖ ብቻ ተመዝግቧል፤ ክብደቱ አለ፣ ጥንካሬው የለም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ፣ ዓምድና ቢም ብቻ ያለው ንጹሕ አጽም ነበር።

ይህ አጽም ብቻውን ሲሰላ አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ 1.2 ሰከንድ ይፈጅበታል። ብሎኬቱን በየዓምዶቹ መካከል በሰያፍ እንደተጋደመ ድጋፍ አድርጌ ስተካው ጊዜው ወደ 0.7 ሰከንድ ወረደ። ፈጥኖ በሚወዛወዝ ሕንፃ ላይ ደንቡ የሚጥለው የጎን ኃይል ይበልጣል። ከዚህ የባሰው ግን የዝንፈቱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ወለል ወደ ጎን የሚሄድበት ልክ፣ አደላደል ነው፤ ላይኞቹ ወለሎች በብሎኬታቸው ተያይዘው እንደ አንድ ሣጥን አብረው ሲሄዱ፣ በየወለሉ ሊከፋፈል የሚገባው ዝንፈት ተሰብስቦ በሱቆቹ ዓምዶች ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2023 በቱርክ በደረሰው 7.8 በተለካው መንቀጥቀጥ የሱቅ ወለላቸው ተጨፍልቆ የላዩ ፎቅ ወደ መሬት የወረደባቸውን ሕንፃዎች ፎቶግራፍ ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሕንፃ ደንባችንም የግድግዳው ብዛት በአንድ ወለል ላይ በድንገት ሲቀንስ የዚያ ወለል ዓምዶች የሚነደፉበት ኃይል የሚጨመርበትን ስሌት ይዟል። እኔ ባየሁት ፋይል ውስጥ ይህ ጭማሪ አልነበረም።

አርማታ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ስለሚሰነጠቅ፣ የተሻለ ጥናት ከሌለ ግትርነቱ (አልታጠፍ ባይነቱ) በግማሽ እንዲወሰድ ደንቡ ያዛል። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ይህ ቁጥር 1 ሆኖ ይጠብቃል፤ ሠሪው ካልቀየረው እንደዚያው ይቀራል፤ በዚህም ፋይል 1 ነበር። እዚህ ላይ ለዲዛይነሩ ልከራከርለት ይገባል፤ ሙሉ ግትርነት ሲወሰድ የሚሰላው ኃይል ስለሚበዛ ፌሮው አያንስም። ዝንፈቱ ግን ከእውነተኛው አንሶ ይታያል፣ ወሰኑን ያለፈ ወለልም ያላለፈ ይመስላል። ደረጃውም ቢሆን በሞዴሉ ውስጥ አልተሳለም፤ የማረፊያው ቢም ዓምዱን በወገቡ ይዞ አጭር ዓምድ እንደሚያደርገውና አጭር ዓምድም ቀድሞ እንደሚሰበር ለባለሙያ መንገር አያሻም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን 3.9 የምትባል ቁጥር ናት። ክፈፉ ሳይበጠስ እየታጠፈ ጉልበቱን ያበርዳል በሚል ተስፋ፣ ስሌቱ የመንቀጥቀጡን ኃይል ለዚህች ቁጥር ያካፍላል። ተስፋው የሚጸናው በዓምዱ ጫፎች ላይ ባለው ስታፋ፣ ማለትም የቆሙትን ፌሮዎች ዙሪያቸውን በሚያስረው ቀለበት ነው፤ ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ ዓምድ ከሆነ በስታፋዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ11 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሊበልጥ አይገባም፣ ጫፋቸውም በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። የምድር ቤቱ ዓምዶች ፌሯቸው ቆሞ ካሳፎርማ ገና ሳይለብሱ ደርሼ ሜትሬን ብዘረጋ ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ መታጠፊያውም 90 ዲግሪ ሆኖ አገኘሁት። ፌራዮውን ብጠይቀው «ኢንጂነር፣ እርስዎ እንደሚሉት ካጠፍኩት ሲገጠም አይገባልኝም» አለኝ። ውሸቱን አይደለም፤ ያስቸግራል። ነገር ግን በ3.9 መካፈሉን የሚያውቀው ዲዛይነሩ ብቻ ሆኖ ሳለ የሚያስከብረው ፌራዮው ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አይተዋወቁም።

እኔ በማውቀው አሠራር ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበው ፕላንና የታተመ ስሌት ነው። ከዚህ ጋር የሞዴሉ ፋይል ራሱ፣ እንዲሁም ግድግዳው፣ ደረጃውና ግትርነቱ እንዴት እንደተወሰዱ፣ ኃይሉም ለስንት እንደተካፈለ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲቀርብ ቢደረግ፣ መርማሪው በብዙ መቶ ገጽ የቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር በአንድ ሰዓት ያገኘዋል። የአዲስ አበባ ሕንፃዎች የሚነደፉበት የመሬት መንቀጥቀጥ ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት 0.05 ወደ 0.1 እጅ ከፍ ማለቱ በባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ያነጋግራል፤ ቁጥሩ የሚገባበት ሞዴል ግን የዚያን ያህል አያነጋግርም።

በዚያ ጂ+5 ሕንፃ ላይ ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚዘልቁ ሁለት ሺር ዎሎች (የጎን ኃይልን የሚቋቋሙ የአርማታ ግድግዳዎች) እንዲጨመሩ፣ ስታፋውም እንዲስተካከል በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። ግድግዳዎቹ ከምድር ቤቱ የሚወስዱት የአንድ ሱቅ ግማሽ ነው። ባለቤቱ የኪራዩን ሒሳብ ሠርተው እንደሚደውሉልኝ ነግረውኝ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍ ድረስ አልደወሉም። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ግን ባለፈው ሳምንት ተሞልቷል።

አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ
ከአዲስ አበባ