ለእማዬ፦ ስለ ሞራና ስለ ጉበት

አዳማ፣ ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስለ ጉበትሽ በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ “እሺ ልጄ፣ በቃ ተይው” ብለሽ ወሬውን ወደ ልጆቹ ትምህርት አዞርሽብኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ማንም በሌለበት አንብቢው።

የዚያን ቀን ባለሙያው አልትራሳውንዱን ሆድሽ ላይ እያዞረ “ጉበትዎ ላይ ስብ አለ፤ በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ?” ሲልሽ መጋረጃው ክፍት ነበር፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማ ነበር። አንቺ ለጥምቀት እንኳ ጠላ የማትቀምሺ ሴት ነጠላሽን ወደ ፊትሽ ሳብ አደረግሽ። እኔ ደግሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ። በባጃጅ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣሽም፤ ወረቀቱንም አጣጥፈሽ ሣጥን ውስጥ ከተትሽው። 14 ዓመት ላቦራቶሪ ሠርቼ፣ በየቀኑ የሰው የጉበት ውጤት ላይ እየፈረምኩ፣ ለእናቴ አንድ ቃል መመስከር አቃተኝ። ይቅር በይኝ። ያኔ ማለት የነበረብኝን አሁን ልበል፦ ይህ በሽታ ያለ መጠጥ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው ስለ 20 ሕሙማን ጉበት ጻፉ። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁርጥ የጠጪ ጉበት ነው፤ ሰዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ወፍራሞች ነበሩ፣ ሴቶቹም ይበዙ ነበር። ስንቶቹ “አልጠጣም” ብለው ሳይታመኑ ቀርተው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው የበሽታውን ስም ለወጡት። ድሮ “ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የጉበት ስብ” ይባል ነበር፤ አሁን የሚጠራው ሰውነት ስኳርና ስብን የሚጠቀምበት ሥርዓት በመዛባቱ ነው። ካስለወጧቸው ምክንያቶች አንዱ የቀድሞው ስም ሕሙማንን የሚያሸማቅቅ መሆኑ ነው። ያንቺን መሸማቀቅ ያወቁት ያህል ነው የተሰማኝ።

“ታዲያ ከየት መጣብኝ?” ትያለሽ። ለፋሲካ በጉ ሲታረድ አባዬ ሆዱን ከፍቶ ሞራውን ሲያወጣ ታስታውሻለሽ? እንደ መረብ የሳሳ፣ ጨጓራና አንጀቱን የሸፈነ ነጭ ስብ። እኛ ልጆች በጀርባው ብርሃን እያሳለፍን እናይበት ነበር፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም የሞራ ገላጮችን ወሬ ያወሩልን ነበር። እማዬ፣ እኛም ያ ሞራ አለን። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ስብ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሆድ ውስጥ ያለው ሲወፍር ነው። ሴት የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደግሞ ስቡ ከዳሌ ይልቅ ወደ ሆድ ያደላል። ቀሚሶችሽ ወገባቸው ላይ እምቢ ያሉሽ ከ50 ዓመትሽ በኋላ አይደል?

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ትርፍ አይደለም፤ ሕይወት ያለው፣ ሆርሞን የሚያመነጭ አካል ነው። እያንዳንዱ የስብ ህዋስ እንደ ጎተራ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ከልኩ በላይ ሲሞላ ግን ይነፋል፤ ኦክስጅን በደንብ አይደርሰውም፤ አንዳንዱም ይሞታል። ያኔ ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ህዋሶች መጥተው የሞተውን ይከብቡታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አክሊል የደፋ ይመስላል። እነሱም ሌሎችን የሚጠራ፣ አካባቢውን የሚያስቆጣ ኬሚካል ይለቃሉ። እሾህ የወጋው እግር እንደሚቆጣው ማለት ነው፤ ይሄኛው ግን ሳያምና ሳያተኩስ ለዓመታት ይቆያል። አንቺ “ምንም አላመመኝም እኮ” ያልሽው እውነትሽን ነው።

ይህ ቁጣ የሚያበላሸው የኢንሱሊንን ሥራ ነው። ኢንሱሊንን የምናውቀው በስኳር በሽታ ነው፤ ሌላው ሥራው ግን ከበላን በኋላ የስቡን ጎተራ መዝጋት ነው። የተቆጣ ስብ አልዘጋም ይላል፤ ቀን ከሌት ስብ ወደ ደም ይለቃል። የሞራና የአንጀት ደም ደግሞ ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በአንድ ትልቅ የደም ሥር አድርጎ በቀጥታ ጉበት ውስጥ ይገባል። ጉበት ላይ ከሚጠራቀመው ስብ ትልቁ ድርሻ እንዲህ ከስብ ክምችት የሚፈስሰው ነው፤ ሌላውን ጉበት ራሱ ከስኳር ይሠራዋል፣ ጥቂቱ ከምንበላው ቅባት ይመጣል። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ደግሞ አዲፖኔክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው። የሚያመነጨው ስብ ነው፣ ጉበትን ይጠብቃል፤ ሰው ሲወፍር ግን ይቀንሳል።

ብዙ ሰው ጉበቱ ላይ ስብ ይዞ እዚያው ይቆያል። በአንዳንዱ ግን ጉበቱ ራሱ ይቆጣና ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ ይሆናል። እኔን ሌሊት ያስነሳኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ቁጥሮችሽን ይዤ ተቀመጥኩ። አንቺ ስንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርሽ ነሽና ራስሽ አርሚኝ፦ ዕድሜሽ 61፣ ኤኤስቲ የሚባለው ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም 38፣ ሲባዙ 2318። ኤኤልቲ የሚባለው ሌላው የጉበት ኢንዛይም 49 ነው፣ ዳግም ዘሩ 7፤ ደም በሚያረጋው በፕሌትሌትሽ ቁጥር በ260 ሲባዛ 1820። 2318 ለ1820 ሲካፈል 1.27። ሐኪሞች ይህን ቁጥር ለጠባሳ መለያ ይጠቀሙበታል፤ ባንቺ ዕድሜ ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ጠርዙ ላይ መሆንሽን አልደብቅሽም። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳርሽም 112 ነው፤ ገና የስኳር በሽታ አይደለም፣ ጤነኛም አይደለም።

ሆዳም ነኝ ብለሽ ራስሽን ስትወቅሺ ሰምቼሻለሁ። እንዲህ አትበይ። አባዬ ሲታመም 70 ኪሎ ነበርሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት እያገላበጥሽው፣ እሱ የተወውን ምግብ በእኩለ ሌሊት ማድ ቤት ቆመሽ እየበላሽ፣ ከደጅ ሳትወጪ ነው 86 የገባሽው። እኔ በዓል በመጣሁ ቁጥር “ተመችቶሻል” እልሽ ነበር። ምን እንደሆነ እያየሁ።

ከ86 ኪሎ 7 በመቶው 6 ኪሎ ነው። ክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ የጉበቱ ስብ መውረድ ይጀምራል፤ ከ7 እስከ 10 ሲደርስ የጉበቱ ቁጣ ይበርዳል፤ ከ10 ካለፈ ጠባሳም ሊሽር ይችላል። ቀስ ብሎ ይሁን፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ መክሳት ለጉበትም ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ አንድ መድኃኒት ተፈቅዷል፣ ግን ጠባሳ ለያዛቸው ነው።

የገና ጾም ሊገባ ነው፤ ጾምሽን አልነካም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የምለምንሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ እንዳትፈችው ነው። በቀን አራት ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ፣ 12 ማንኪያ ስኳር ነው፤ ጉበት ስብ አድርጎ ከሚሠራው አንዱ እሱ ነው። ጠያቂ ይዞት የሚመጣው ለስላሳም ያው ነው። ምስርሽን፣ ሽሮሽን፣ ጎመንሽን ብዪ፤ ዘይቱን ብቻ ቀነስ አድርጊ። ቡናሽን ግን አልከለክልሽም፣ ያለ ስኳር ከአቦል እስከ በረካ ጠጪ፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳው እንደሚያንስ ብዙ ጥናት ያሳያል። ጠዋት ገብርኤልን ተሳልመሽ በባጃጅ ከመመለስ ወደ ሐይቁ ዳር ውረጂና ፀሐይ ሳይበረታ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 150 ደቂቃ ነው። ኪሎው ባይወርድ እንኳ መራመዱ ብቻውን ጉበቱን ይጠቅማል።

ጎረቤትሽ ለወፍ በሽታ ነው ብላ ያመጣችልሽን ቅጠል ግን እባክሽ አትጠጪው። የወፍ በሽታ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነው፣ ያንቺ ሌላ ነው፤ የማናውቀው ቅጠል ደግሞ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። በደግነት ያመጣችው ነውና አመስግነሽ አስቀምጪው።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ፣ በ18 ማታ እደርሳለሁ። በማግሥቱ ከንግሡ መልስ ሐይቁ ዳር አብረን እንወርዳለን። ሰኞ ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ ገና ከበሩ ስንገባ መጠጥ እንደማትቀምሺ የምናገረው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥተሽ ጠብቂኝ።

ልጅሽ ሚጡ