በፊውዝ ምትክ ሽቦ ስለተጠመጠመበት መኪናዬ የቀረበ ቅሬታ

ነሐሴ 24
ለመኪና ጥገና ጋራዡ ባለቤት
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የፊት መብራት ፊውዝ ላይ ስለተሠራው አደገኛ ሥራ፣ ስለደረሰብኝ ጉዳትና ስለምጠይቀው ማስተካከያ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ብቻ አይደለም። ደንግጬም ነው። መንገድ ላይ ካልቸገረኝ በቀር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባዱላዬን ከእርስዎ ግቢ ሌላ ቦታ ወስጄ አላውቅም። ዘይት የምቀይረው እናንተ ጋ ነው። የፍሬን ሸራ የማስቀይረውም እናንተ ጋ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ጋራዥ ለጠየቀኝ ሹፌር ሁሉ የምጠቁመው የእናንተን በር ነበር። መጥቼ ብጨቃጨቅ ነገሩ በጩኸት ያልቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በጽሑፍ አደረኩት።

ነሐሴ 18 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ 11 ሰው ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረድኩ ነበር። ጉዶ በረትን ስናልፍ ጉም ጀመረ። ጣርማ በር ስንደርስ ከመኪናው አፍንጫ አልፎ የሚታይ ነገር የለም። መንገዱን ያውቁታል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ላይ በጣሊያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ ያልፍና ወደ ደብረ ሲና በኩርባ በኩርባ ይወርዳል። በአንድ በኩል ተራራ ነው፣ በሌላው ገደል። ከዋሻው ወጥተን ጥቂት እንደወረድን አንዲት እናት ከኋላ «ልጄ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል» አሉኝ። እኔም ሸቶኝ ነበር። ከፊታችን የሚወርደው የጭነት መኪና ፍሬን መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። ወዲያው ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ። ዓይኔን አቃጠለኝ። በዚያው ቅጽበት ሁለቱም የፊት መብራቶች ጠፉ።

ጨለማ፣ ጉም፣ ቁልቁለት። ከኋላዬ ደግሞ አይሱዙ እየመጣ ነው።

ፍሬቻው ይሠራ ስለነበር አራቱንም አበራሁ። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። ረዳቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የአስፋልቱን ጠርዝ እየነገረኝ ጥግ አስያዝኩት። ሰዎቹ ወርደው ከመንገዱ ራቁ። አንድ ሰው በሃይላንድ የያዘውን ውሃ ሊደፋበት ሲል እጁን ያዝኩት። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውሃ አይደፋም። ሞተሩን አጠፋሁና በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ነጋቲቭ ፈታሁ። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ረዳቴ ከመቀመጫ ሥር የምናስቀምጣትን ባለ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ከፍቶ ይዟት ነበር፤ ሳንጠቀምባት ቀረን። ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። እኚያን እናት ግን በሌላ መኪና ላሳፍራቸው እጃቸውን ስይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠዋት መኪናውን ደብረ ሲና አስጎትቼ ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳየሁት። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜያለሁ። የፊት መብራቱ ፊውዝ ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ 15 ይላል። መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን ክር ተበጥሳለች። ሁለቱ እግሮቹ ላይ ግን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። አምስት ስድስት ዙር ይሆናል። ከዚያ በፒንሳ ተጨፍልቆ ወደ ቦታው ተመልሷል። የተሰካበት ፕላስቲክ እንደ ሰም ቀልጦ ፊውዙን ይዞት ቀርቷል። ከዚያ ወደ ፊት የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተላጦ ከጎኑ ካሉት ሽቦዎች ጋር ተጣብቋል። ባለሙያው አንዱን በጣቱ ሲነካው ጥቁር ቅርፊት ሆኖ እጁ ላይ ቀረ።

ይህን የሠራው የእናንተ ልጅ ነው። እርግጠኛ የሆንኩበትን ምክንያት ልንገርዎት።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ፣ መኪናውን አመጣሁ። «ለጣርማ በር ጉም ይሄ ነው የሚያዋጣው» ተብዬ ባለ 100 ዋት አምፖሎች ተገጠሙልኝ። ቀድሞ የነበሩት ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ረጅም መብራት አብርቼ ብዙ ስሄድ ፊውዙ ተቃጠለ። ራሴ ቀየርኩት። እንደገና ተቃጠለ። ሐምሌ 2 ወደ እናንተ ስመጣ የመብራት ሥራ የሚሠራው ልጅ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። «ፊውዙ ደካማ ሆኖ ነው። ጠንከር አድርጌልሃለሁ፣ ከእንግዲህ አይበጠስም» አለኝ። 400 ብር ከፈልኩ። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «መብራት ተስተካክሏል» ብቻ ይላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ሳጥን የከፈተው ሰው የለም። ፊውዙም ዳግም አልተቃጠለም። በእሱ ፋንታ የተቃጠለው ሽቦው ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ግን ልጆችዎ እንዲያነቡት ስለምፈልግ እጽፈዋለሁ። ፊውዝ ሲበጠስ የተበላሸው እሱ አይደለም። ጭነት ሲበዛ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ሥራው ነው፤ ሥራውን ነው የሠራው። በእኔ መኪና ሁለቱም የፊት መብራቶች የሚያልፉት በአንድ ፊውዝ ነው። ሁለቱ 60 ዋቶች ሲደመሩ 120 ዋት ናቸው። ለ12 ቮልት ሲካፈል 10 አምፔር ይመጣል። ለዚህ 15ቱ ፊውዝ ይበቃል። ሁለቱ መቶዎች ሲገቡ 200 ለ12 ነው፤ ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። ስለዚህ ፊውዙ ያኔ መቃጠሉ ትክክል ነበር። «እዚህ ላይ ከአቅም በላይ ጭነት አለ» እያለን ነበር።

በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ10 ወደ 17 ሲወጣ ሙቀቱ ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ያ ሽቦ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የታሰበው ለትንሹ ጭነት ነው። በአንድ ሌሊት አልቀለጠም። በየምሽቱ ጉዞ ልባሱን ትንሽ ትንሽ እያደረቀው፣ እየሰነጠቀው ሄደ። በመጨረሻ ከጎኑ ካለው ጋር ሾርት ሲያደርግ የሚያቋርጠው ነገር አልነበረም። የሚያቋርጠው ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ከመዳቡ ቀድሞ የሽቦዬ ልባስ ነደደ። ትንሽ ብንቆይ የሚነደው የመቀመጫው ስፖንጅ ነበር።

አምፖሉን የመከራችሁኝም ምክር ልክ አልነበረም። ጉም ውስጥ ጠንካራ ብርሃን ሲለቀቅ ጉሙ መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል። ነጭ ግድግዳ ፊት የቆምክ ነው የሚመስልህ። ለጉም የሚሆነው አጭር መብራት፣ ዝቅ ብሎ የሚገጠም የጉም መብራትና ፍጥነት መቀነስ ነው። ከፊት የሚመጣውንም ሹፌር ያስቡት፤ 100 ዋት ዓይኑ ላይ ሲበራበት ገደሉን በምን ያያል? የግድ ጠንካራ አምፖል ይግባ ከተባለ ደግሞ ከባትሪ ተነስቶ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያስፈልገዋል። ሶኬቱም ሙቀቱን የሚችል መሆን አለበት። ይህ ጊዜና ብር ይጠይቃል። ተነግሮኝ ቢሆን ወይ እከፍል ነበር፣ ወይ ይቅርብኝ እል ነበር። እንድመርጥ ግን አልተነገረኝም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ያኔ ዝም ያልኩት ነው፣ ዝም ማለትም አልነበረብኝም። ባለፈው ኅዳር፣ ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለኝ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጨክ ጨክ ብሎ ያቆማል። እናንተ ጋ ስመጣ ልጆቹ አንዴ ቁልፉን ዞር አድርገው «ባትሪው ሞቷል» አሉ። 11500 ብር ከፍዬ አዲስ ገዛሁ። አሮጌውም እዚያው ቀረ። ታኅሣሥ ላይ አዲሱም እንደዚያው አደረገኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ሰው ቴስተር አምጥቶ ሞተሩ እየሠራ ለካው። 12.3 ቮልት አነበበ። ሞተር እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን ነበረበት፤ 12.3 ማለት ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም ማለት ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ ነበር። አጠበቀው፣ 14.1 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ጤነኛው ባትሪ እንኳ በኅዳር ጠዋት ይደክማል። ለዚህ ነው እዚህ አገር ላይ ሳይለኩ «ሞቷል» ማለት የማይቻለው። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ማጽዳት፣ ቺንጋውን በጣት ተጭኖ ማየት፣ ከዚያ መለካት፤ ሦስቱም ተደምረው ሩብ ሰዓት አይፈጁም።

ሁለቱም ጥፋቶች አንድ ናቸው ጋሼ። ሁለቱም ጊዜ ማንም አልለካም። የሚታየው ነገር ተቀየረ፣ የሚያመው ነገር እዚያው ቀረ።

አሁን የምጠይቀውን ልንገርዎት። አዲስ የፊውዝ ሳጥንና ሽቦ ለማስገባት 8700 ብር ከፍያለሁ። መጎተቻው 3000 ብር ነው። አምፖሎቹ 1600፣ «መብራት ተስተካክሏል» የተባለበት 400 ነው። ድምሩ 13700 ብር ይመለስልኝ። ደረሰኞቹ ከደብዳቤው ጋር አሉ። ያልሠራሁበትን የስድስት ቀን ገቢ አልጠይቅም። ስለ አሮጌው ባትሪ ደግሞ ተነጋግረን ተገቢውን ዋጋ ብታስቡልኝ ይበቃኛል።

ከብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጁ ሽቦ የጠመጠመው ለእኔ መኪና ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በአሥር ደቂቃ የጨረሰው እጁ ስለለመደው ነው። እናንተ ግቢ የተማሪ ሰርቪስ ይገባል። የጭነት መኪና ይገባል። ከአንኮበርና ከመሐል ሜዳ የሚመጡ ሚኒባሶች ይገባሉ። መብራትና ፊውዝ የተሠራላቸውን ደንበኞች ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ አንድ በአንድ ደውሉላቸው። የፊውዝ ሳጥናቸውን በነጻ ክፈቱላቸው። ሽቦ፣ የሲጋራ ብርማ ወረቀት፣ ወይም ከተጻፈው አምፔር በላይ የሆነ ፊውዝ ካለ አውጡላቸው። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ክረምቱ አላለቀም፣ ጉሙም አልተነሳም።

ልጁ እንዲባረር ግን አልፈልግም። ሲሠራ አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ ነው፣ ታታሪ ነው። ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። ሙሉ የፊውዝ ስብስብ ግዙለት፤ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 መሆኑን ይወቅ። ሰማያዊ ከወጣ የሚገባው ሰማያዊ ብቻ ነው። ሁለቴ ከተቃጠለ ምክንያቱን ይፈልግ፣ ካጣው ደግሞ አላገኘሁትም ይበል። አላገኘሁትም ቢለኝ ኖሮ በዚያ ምሽት ቁልቁለቱን አልወርድም ነበር። ደረሰኝ ላይም ምን እንደወጣና ምን እንደገባ ከነቁጥሩ ይጻፍ። የወጣው ዕቃ በደንበኛው እጅ ይሰጥ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም። እስከ መስከረም 10 መልስ ካላገኘሁ ግን ይህንኑ ደብዳቤ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ፊውዙን ከነተጠመጠመበት ሽቦ በፖስታው ውስጥ አድርጌዋለሁ። በእጅዎ ይዘው ይዩት። የቀለጠው ሽቦ እኔ ጋ አለ። መኪናውን ማየት ከፈለጉ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት መናኸሪያ ነኝ፣ እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአባዱላው ባለቤትና ሹፌር