ወደ ዋርሀመር ተመለስኩ፣ የአድዋም ነገር

ሰላም አዘጋጆች፣ እዚህ እንግሊዝ ነው የምኖረው፣ ስለ ኳስ ብዙ ትጽፋላችሁ ግን የትንንሽ ወታደሮችን ጨዋታ ማንም ሲያነሳ አላየሁም። ዋርሀመር በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ምስሎቹን ራስህ ትገጣጥማለህ ቀለም ትቀባለህ ከዛ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈህ በሜትር እየለካህ ዳይስ እየወረወርክ ትዋጋለህ። እኔ የተውኩት 2015 እ.ኤ.አ. ላይ ጨዋታው የሚካሄድበት የድሮው ምናባዊ ዓለም ተዘግቶ በሌላ ጨዋታ ሲተካ ነው፣ በረድፍ የሚቆሙት ባለ አራት ማዕዘን መቆሚያ ወታደሮች ቀርተው ክብ መቆሚያ መጣ፣ በጣም ከፋኝ። ጥር 2024 ላይ ዘ ኦልድ ዎርልድ ተብሎ ሲመለስ ግን ካርቶኑን አወረድኩት፣ አራት ማዕዘኑም ተመልሷል! ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ) ነፍቼ ቀለሙን ሳሳ አድርጌ እየደራረብኩ መጨረሻ ላይ ጠቆር ያለውን ዋሽ (ስርጉዱ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቀለም) ሳፈስበት ያች ጥፍር የምታክል ፊት ነፍስ ስትዘራ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል፣ ስልኬም ትዝ አይለኝ።

አሁን የምመኘው አድዋን እንዲህ መጫወት ነው፣ የጣሊያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ መቅደሙ ምን እንዳስከተለ በሜትር እየለካ ያየ ልጅ የ1888ቱን ጦርነት መቼም አይረሳውም። ያ ብርጌድ የደረሰበትን የእንዳ ኪዳነ ምህረትን ኮረብታ አቀማመጥ በደንብ የሚያውቅ አንባቢ ካለ እባካችሁ በጋዜጣችሁ ይጻፍልኝ፣ ሜዳውን ልሰራ ነው።