በፌብሩዋሪ ስለሚሰጠው የሞንትጎመሪ ሴቶች ታሪክ ትምህርት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምሁ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ በሚታሰብበት በመጪው ፌብሩዋሪ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች በአላባማ ግዛት በምትገኘው በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች የዘር መለያየትን በመቃወም አውቶቡስ አንሳፈርም ስላሉበት አድማ በአማርኛ እንደሚያነቡና እንደሚጽፉ አሳውቃለሁ። «የአማርኛ ትምህርት ቤት ይህን ምን አገባው?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ወላጆች ስላላችሁ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጆቻችን ታሪኩን የሚያውቁት ባብዛኛው በአጭሩ ነው፤ አንዲት ልብስ ሰፊ ከሥራ ስትመለስ ደክሟት ለነጭ ተሳፋሪ ከመቀመጫዬ አልነሳም አለች፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተናገሩ፣ ሕጉ ተለወጠ ይባላል። ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ግን ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሲታሰሩ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት በሚታገለው ኤንኤኤሲፒ በተባለው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ በጸሐፊነት ለዓመታት ያገለገሉ ሴት ነበሩ፤ አድማውም ቢሆን በድንገት የመጣ አልነበረም። የኮሌጅ መምህርቷ ሜሪ ፌር በርክስ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት በ1946 ነው። ከእርሳቸው በኋላ ማኅበሩን የመሩት መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን በሜይ 1954 ለከንቲባው በጻፉት ደብዳቤ፣ ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ከከፈለ በኋላ ወርዶ በኋላ በር እንዲሳፈር መገደዱ እንዲቀር ጠየቁ፤ ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛው ጥቁር መሆኑን አስታወሱ፤ ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድርጅቶች አውቶቡስ ላለመሳፈር እየተነጋገሩ መሆኑንም ገለጹ። ደብዳቤው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሕትና አይለየውም፤ ለእኔ ከማንኛውም ዛቻ ይልቅ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪዎቻችን በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚያነቡት የዚህን ደብዳቤ ትርጉም ነው።

ወይዘሮ ፓርክስ በታሰሩበት ሌሊት ሮቢንሰን ከአንድ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ኮሌጁ ውስጥ አድረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በራሪ ወረቀቶችን በስቴንስል አባዙ፤ ወረቀት ለመቆጠብ በአንዱ ገጽ ላይ ሦስት ቅጂ አድርገው እያንዳንዱን ቆረጡ፤ በማግስቱም ወረቀቱን በከተማው አዳረሱት። አድማው 381 ቀናት ቆየ። ለዚህን ያህል ጊዜ ሕዝቡን በግል መኪና ለማመላለስ ቤንዚን ያስፈልግ ነበር፤ ለቤንዚኑ ደግሞ ገንዘብ። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ምግብ አብሳይ ሴቶችን አስተባብረው የተጠበሰ ዶሮና ኬክ እየሸጡ ገቢውን ለአድማው ይሰጡ ነበር። ከሴቶቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ በመሆናቸው ስማቸው እንዳይታወቅ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል «ከየትም» ይሉ ነበር። በእድራችን ጓዳ የሚደክሙትን እናቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

በአውቶቡስ የዘር መለያየትን ያስቀረው የፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰጠበትን ክስ እስከ መጨረሻው ይዘው የዘለቁት አራቱም ከሳሾች ሴቶች ነበሩ። አንዷ ክሎዴት ኮልቪን ናት፤ ከወይዘሮ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ ስትታሰር 15 ዓመቷ ነበር፤ የልጆቻችን እኩያ ማለት ነው።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰውን በትውልድ አገሩ እየመደበ ኮታ ይሰጥ የነበረው የኢሚግሬሽን ሥርዓት በ1965 የተሻረው በዚሁ የመብት ትግል ዘመን ሲሆን፣ ከመካከላችን በቤተሰብ ጥሪ የመጣን ሁሉ በዚያ በተከፈተው በር ገብተናል።

በሁለተኛው ቅዳሜ እያንዳንዱ ተማሪ በሰፈሩ ወይም በትምህርት ቤቱ መስተካከል አለበት ስለሚለው ነገር ለሚመለከተው ኃላፊ በአማርኛ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤዎቹ ለክፍል ልምምድ ብቻ ስለሆኑ ለማንም አይላኩም። በጊዜው የነበሩ አንዳንድ ጽሑፎች ጥቁሮችን የሚያዋርዱ ቃላት ስላሉባቸው መምህራኑ አስቀድመው ያብራራሉ፤ በዚህ ረገድ ስጋት ያላችሁ ወላጆች እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ ለክፍል መምህሩ ብታሳውቁን ጽሑፎቹን አብረን እንመለከታለን። በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ያገለገላችሁ እናቶችም በሁለተኛው ቅዳሜ ተገኝታችሁ እንዴት እንደምትደራጁ ለልጆቹ ብትነግሩልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር